ደረቅ ጥፋት

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ጮክ ብዬ የምናገርበት ጉልበት የለኝም። የምነግራችሁ አገር በካርታ ላይ አይገኝም፤ ስለዚህ ማንም ሰው «እኔን ለመንካት ነው» ብሎ እንዳይቀየመኝ። ንጉሥ ይኑረው አይኑረው እንኳ በደንብ አላውቅም። ፊሽካ ግን ነበረው።

በዚያ አገር ከእርሻውም ከገበያውም በላይ የሚወደድ አንድ ነገር ነበር፤ የቅርጫት ኳስ። ላይ ሠፈርና ታች ሠፈር የየራሳቸው ተማሪ ቤት አላቸው፤ ተማሪዎቹም ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ሲጠነክር በድንጋይ አጥር በታጠረው ሜዳ ውስጥ ይገናኛሉ። በሁለቱ ጫፍ ረዥም ግንድ ይተከላል፤ በግንዱ ላይ ቅርጫት ይሰቀላል፤ ኳሷን ቅርጫቱ ውስጥ የከተተ ይቆጠርለታል። በቃ፣ ይኸው ነው። ጨዋታው ቀላል ነበር፤ ከባዱ ሕጉ ነው።

ከሜዳው ዳር ለየሠፈሩ አግዳሚ ወንበር አለ። እዚያ ላይ ተራቸውን የሚጠብቁ ተማሪዎችና ውሃ የማቀርበው እኔ እንቀመጣለን። ከፊታችን ደግሞ የአግዳሚው አባት ይቆማል። የአግዳሚው አባት ማለት ልጆቹን የሚያሠለጥን፣ ማን ይግባ ማን ይውጣ የሚል ሰው ነው። እሱ አይቀመጥም። በኖራ የተሰመረ ጠባብ መንገድ አለው፤ በዚያ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ መጮህ፣ ማጨብጨብ፣ እጁን ማወናጨፍ ይችላል። ከመስመሩ እስካልወጣ ድረስ ማንም አይናገረውም። ያንን ቦታ የአባት መንገድ እንለው ነበር።

የታች ሠፈሩ የአግዳሚ አባት ላቀው ነበር። ልጆቹ ጋሽ ላቀው ይሉታል፤ እኔ ግን እኩያው ስለሆንኩ ላቀው ነው የምለው። ረዥም፣ ቀጭን፣ አንድ ቦታ መቆም የማይሆንለት ሰው። ልጅ ስትዘል አብሯት ይዘላል፤ ኳስ የቅርጫቱን ጠርዝ መትታ ስትንገዳገድ አንገቱን አጣሞ ሊያስገባት ይሞክራል። ከመመላለሱ ብዛት በአባት መንገድ ላይ ሣር መብቀል ትቶ ነበር። እንደሱ የሚደሰት ሰው አላየሁም፤ ሲሸነፍ እንኳ ደስ ብሎት ነው የሚሸነፈው።

አሁን ሕጉን ልንገራችሁ። ሕጉ ጥፋትን በሁለት ይከፍላል። ሰው ሰውን ቢገፋ፣ ቢጠልፍ፣ በክርኑ ቢደቁስ እርጥብ ጥፋት ይባላል፤ ላብ ከላብ ተነካክቷልና። እጅ ሳይነካ የሚፈጸመው ደግሞ ደረቅ ጥፋት ነው፤ ክፉ ቃል፣ የንቀት ሳቅ፣ ተናዶ ኳስ መወርወር። እርጥቡ ቀላል ነው፤ ኳሷ ለተገፋው ወገን ትሰጣለች፣ ጨዋታው ይቀጥላል። ደረቁ ነው የሚከብደው። ሌላው ሠፈር የፈለገውን ልጅ መርጦ ከቅርጫቱ ፊት ያቆማል፤ ሌላው ሁሉ ወደኋላ ያፈገፍግለታል፤ ማንም ሳያስቸግረው ሁለት ጊዜ ይወረውራል፤ ከዚያ ኳሷም እንደገና ለራሱ ሠፈር ትሰጣለች። በዚህም አያበቃም። ቃሉ የወጣው ከአግዳሚው ከሆነ፣ ተናጋሪው ማንም ይሁን ማን፣ ጥፋቱ ለአግዳሚው አባትም ይቆጠርበታል። ባለፊሽካው መዳፉን ወደ መሬት ዘርግቶ «ቁጭ!» ይለዋል። ቁጭ የተባለ አባት መንገዱን መርገጥ አይችልም። ጨዋታው ሲያልቅ ያው ያስቀመጠው ባለፊሽካ «ብድግ!» ይለዋል፤ ሰውየውም ተነሥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

እውነቱን ለመናገር ሕጉ ሲወጣ ክፉ አልነበረም። ያለ ሕግ ኳስ ይጫወቱ የምል ሰው አይደለሁም። በጥንት ጊዜ አንዱ የአግዳሚ አባት የባለፊሽካውን እናት በአደባባይ ሰደበ፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው «ይህስ ከክርን ይብሳል» አሉ። ልክ ነበሩ። ችግሩ ከዚያ ወዲህ የመጣው ነው። ስድብ ሲጠፋ ባለፊሽካዎቹ ሥራ ፈቱ፤ ሥራ መፍታታቸው እንዳይታወቅ ጉርምርምታን ጨመሩ። ጉርምርምታ ሲጠፋ ትንፋሽን ጨመሩ፤ ረዥም ትንፋሽ «ሰለቸኝ» ማለት ነው ተባለ። የቅንድብ ተመልካች የሚባል ሹም ተሾመ፤ ሥራው ከአግዳሚው ፊት ለፊት ዱካ ላይ ተቀምጦ ማን ቅንድቡን እንዳነሣ ማየት ነው። ከሌላው ዘግይቶ ያጨበጨበም አሽሟጠጠ ተባለ።

ሦስት ባለፊሽካዎች ነበሩ። ድሮ ሦስቱም ኳሷን ይከተሉ ነበር። በኋላ ሁለቱ ፊታቸውን ወደ አግዳሚው አዞሩ፤ ሦስተኛውም ቢሆን ኳሷን እያየ ጆሮው እኛ ጋ ነበር። ሜዳው ውስጥ ክርን እንደ ልብ ሆነ። ልጆቻችን አፍንጫቸው እየደማ ይመለሳሉ፤ እኛ ደግሞ ፊታችንን እንደ ድንጋይ አድርገን ውሃ እናቀብላቸዋለን።

አንድ ቀን ስንዱ የምትባል ልጅ፣ ያን ጊዜ ተማሪ ነበረች፣ አግዳሚው ላይ ተራዋን ስትጠብቅ ጓደኛዋን አንዱ ጎረምሳ ደረቷን ብሎ ጣላት። ፊሽካ አልተነፋም። ስንዱ «እንዴ!» አለች። በቃ፣ ይችን ብቻ ነው ያለችው። ፊሽካው ወዲያው ጮኸ።

«ማነው ያለው?» አለ አሥራደ የሚባለው ባለፊሽካ፣ እየሮጠ መጥቶ።

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አለች ስንዱ። «ሳላስበው ነው ያመለጠኝ።»

«ሳታስቢው ከሆነማ ይብሳል። ውስጥሽ ሞልቶ ነው የፈሰሰው ማለት ነው።» ከዚያ መዳፉን ወደ መሬት ዘረጋ። «ላቀው፣ ቁጭ!»

ላቀው ቁጭ አለ። ስንዱንም ጠቀስ አድርጓት ፈገግ አለ፤ ቅጣቱ ከጨዋታው ማብቂያ የሚያልፍ አልመሰለውም። ነገር ግን ያን ቀን አሥራደ የሚሾምበት ቀን ነበር። በዚያ አገር ባለፊሽካ ወደ ላይኛው ጉባኤ ሲሾም በለብታ ውሃ አፉን ይጉመጠመጣል፤ ከዚያ በፊት የነፋው ፊሽካ ሁሉ ታጥቦ እንደ ሄደ ይቆጠራል። ውሃው ሞቆ ይጠብቀው ነበርና ጨዋታው እንዳለቀ አሥራደ እንዳይበርድበት እየሮጠ ሄደ። «ብድግ!» ማለቱን ረሳው።

ሰው ሁሉ ወጣ። ላቀው እንደ ተቀመጠ ነው።

«ተነሥ እንጂ» አልኩት።

«አላለኝም እኮ።»

«አሁን ማን ያይሃል?»

«ካየኝስ?» አለ። እውነቱን ነበር። ሳይባል የተነሣ ሰው ሁለተኛ ደረቅ ጥፋት ይቆጠርበታል፤ ሁለት ደረቅ ጥፋት ያለበት ደግሞ ከአጥሩ ይወጣል፤ ዕድሜውን ሙሉ ወደ ሜዳው አይመለስም። ላቀው ሜዳውን ከሚያጣ እግሩን ቢያጣ ይሻለው ነበር። እኔና ስንዱ፣ ሌሎችም ተረዳድተን ከነአግዳሚው አንሥተን ቤቱ አደረስነው። ሥራችን ይኸው ሆነ፤ ሲነጋ ተሸክሞ ማምጣት፣ ሲመሽ ተሸክሞ መመለስ። መተኛት በሕጉ ስላልተከለከለ ማታ ማታ ይጋደማል። ሌላውን አትጠይቁኝ።

በመጀመሪያ የመነሣት ጉዳይ ሹም ዘንድ ወሰድነው።

«አመልካቹ የታለ?» አለ ሹሙ።

«እኚህ ናቸው፣ ወንበሩ ላይ» አለች ስንዱ።

«አመልካች ቆሞ ነው የሚያመለክተው። ተቀምጦ ማመልከት ሹም መናቅ ነው።»

«ጌታዬ፣ እኛ የመጣነው እኮ እንዲቆሙ እንዲፈቀድላቸው ነው!»

«ቆመው ይምጡ፤ ይፈቀድላቸዋል።»

«ቆመው ከመጡ ምኑ ነው የሚፈቀድላቸው?» አልኩ እኔ።

«መቆም ነዋ!» አለኝ፣ ደንቆሮነቴ ገርሞት።

ከዚያ ወደ አሥራደ ሄድን። ክፉ አልሆነብንም፤ አስገባን፣ የላቀውን እጅ ያዘ፣ እንባም አቅርሮ ነበር። «በጣም ነው የማዝነው» አለ። «ነገር ግን እኔ የነፋሁት ፊሽካ የለም። ታጥቧል።»

«ፊሽካው ከታጠበ ቅጣቱስ ለምን አይታጠብም?» አለች ስንዱ።

«የታጠበው የኔ አፍ ነው ልጄ። ቅጣቱ ያለው እሳቸው ላይ ነው።»

ሌሎቹ ባለፊሽካዎችም ያላስቀመጡትን ማስነሣት ሕጉ አይፈቅድላቸውም። እንዲህ ሆኖ ቀረ። ዓመታት አለፉ። ስንዱ ትምህርቷን ጨርሳ የላቀው ረዳት ሆነች፤ አጠገቡ ተቀምጣ የሚላትን በጆሮዋ ትሰማና ለልጆቹ ትነግራለች። የአባት መንገድን ግን እሷም አትረግጠውም፤ መንገዱ የአባት ነው። ቀስ በቀስ ሣር በቀለበት፤ ቀጥሎም ቢጫ አበባ አወጣ። ላቀው ጨዋታው እየተካሄደ ዓይኑ እዚያ ሣር ላይ ይቀርበታል። ከተቀመጡበት ሆኖ ሜዳ ማየት ከባድ ነው፤ የሰው ጀርባና የሰው ጉልበት ነው የሚታየው። ልጆቹ ሲዘሉ የሱ ትከሻ ብቻ ነቅነቅ ይላል። አንጀቴን ይበላው ነበር።

አንድ ቀን ስንመልሰው፣ «ላቀው፣ ብትነሣና ቢያባርሩህስ? ቢያንስ በእግርህ ትሄዳለህ» አልኩት።

«መቆም ብቻ ቢሆን የናፈቀኝ ዛሬውኑ እቆም ነበር» አለ። «እኔን የናፈቀኝ እዚያ መቆም ነው። እዚያ ቆሜ የምላቸውን እነሱ ሲሰሙኝ፣ ሲሳሳቱም ዘወር ብለው ሲያዩኝ። ይኸን ናፍቄ ብሞት ይሻለኛል፤ ሜዳው ባለበት አለሁ። ከወጣሁ ግን ምን እናፍቃለሁ?» ስንዱ ከፊት አግዳሚውን ይዛ ነበር። ዘወር አላለችም፤ ስታለቅስ ግን ከትከሻዋ ያስታውቅ ነበር።

በዚያ ዓመት በለጡ የምትባል ልጅ ነበረችን። ቁመቷ አጭር፣ ሩጫዋ ፈጣን፣ ኳስ ከእጇ የማትለይ። ላቀው ሥራዋን እያየ ለብቻው ይስቅ ነበር። ላይ ሠፈሮችም ምን እንደሆነች አውቀዋል። በፍጻሜው ጨዋታ ቀን ኳሷን ይዛ ስትሮጥ አንዷ እግሯን ጠለፈቻት፤ ሌላዋ በክርኗ ጎኗን አለቻት። በለጡ ወደቀች፤ ቁርጭምጭሚቷ ከሥሯ ተጠመዘዘ። ጮኸች፤ ጩኸቷ ግን በተመልካቹ ሆታ ተዋጠ።

ፊሽካ አልተነፋም። በዚያች ሰዓት የቅንድብ ተመልካቹ ከኛ አንዱ ልጅ ከንፈሩን አነቃነቀ ብሎ ስለነበር ሦስቱም ባለፊሽካዎች የልጁን ከንፈር እያዩ ነበር። በሕጉ ፊሽካ ካልተነፋ ኳስ አይቆምም፤ ስለዚህ ጨዋታው በለጡ ላይ ቀጠለ። ሯጮቹ እየዘለሏት ያልፋሉ፤ አንዳንዱ አይዘላትም። እጇን በጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ተኮማተረች።

አሁን ነገሩን በደንብ ስሙኝ። አንዳችን ብንጮህ ፊሽካው ይነፋ ነበር፤ ፊሽካው ከተነፋ ጨዋታው ይቆማል፤ ልጅቷ ትነሣለች። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ከአግዳሚው የወጣ ቃል ለላቀው ይቆጠራል፤ የፊተኛው ስላልተነሣለት ለሱ ሁለተኛው ነው። ስንዱ አፏን ከፈተች፤ ላቀውን አየች፤ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ዝም አለች። እኔም የውሃ ጣሳዬን ጨብጬ ዝም አልኩ። ሌሎቹም እንደዚሁ። ለሱ ስንል ነው። በፍቅር ነው ዝም ያልነው፤ ይህን ሳስታውስ አሁንም ያመኛል።

ላቀው ሁላችንንም አንድ በአንድ አየን። ምን እያደረግን እንደሆነ ገባው። «ስንዱዬ» አለ በሹክሹክታ፣ «ለኔ ብለሽ ነው?»



ላቀው አግዳሚውን በሁለት እጁ ተደግፎ ተነሣ።

እንደዚያ ቀን ፊሽካ ሲነፋ ሰምቼ አላውቅም። ሦስቱም ባንድ ላይ ነፉ። ተጫዋቹ ባለበት ደረቀ፤ ኳሷ ለብቻዋ ነጥራ ነጥራ ቆመች። ስንዱ ሮጣ ገብታ በለጡን አቀፈቻት። ባለፊሽካዎቹ ልጅቷን አላዩም፤ ላቀውን ከበው «ሁለተኛ! ሁለተኛ!» ይላሉ። ላቀው ከፍ ብሎ ቆሞ ከራሳቸው በላይ አሻግሮ በለጡን ያያል። «እግሯን ቀና አድርጊላት! አትጎትቻት!» እያለ ይጮኻል። ድምፁ እንደ ድሮው ነበር።

የተባረረ ሰው በገዛ እግሩ ነው የሚወጣው፤ መደገፍ ክልክል ነው። ላቀው ወደ በሩ ከመሄድ ይልቅ ወደ አባት መንገድ ገባ፤ በሣሩ ላይ እስከ ጫፉ ሄደ፤ ተመለሰ።

«በአጭሩ መንገድ ውጣ!» አለው አንዱ ባለፊሽካ።

«እግሬ መሄድ ረስቷል» አለው ላቀው። «ትንሽ ልለማመድበት።» ደግሞም ሄደ፤ ደግሞም ተመለሰ። ከዚያ በሩን አልፎ ወጣ፤ በሩም ተዘጋ።

በሚቀጥለው ዓመት በመጀመሪያው ጨዋታ ስንዱ የአግዳሚው እናት ሆና በመንገዱ ላይ ቆመች። ሣሩን አላስነቀለችውም። ጨዋታው እንደ ተጀመረ ከአጥሩ ውጭ አንድ ድምፅ መጣ። አጥሩ ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ ከውጭ ምንም አይታይም፤ ከውጭ የሚጮኽንም ሰው ሕጉ አያውቀውም።

«ስንዱ! ኳሷ ማን ጋ ናት?»

ስንዱ ወደ ቅንድብ ተመልካቹ አየች። ከሜዳ ወደ ውጭ መናገር ደረቅ ጥፋት እንደሆነ ታውቃለች። ላቀው ደግሞ ጠየቀ፤ በዚህኛው ጊዜ ድምፁ የልመና ነበር። ስንዱ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች።

«በለጡ ጋ ናት ጋሼ! እግሯ ድኗል! በቀኝ በኩል እየመጣች ነው!»

ፊሽካ። «ቁጭ!» ስንዱ ቁጭ አለች፤ ቁጭ ብላም አላቆመችም። «አለፈቻት ጋሼ! ሁለቱን አለፈች! ወረወረች…ገባ!» ሁለተኛ ፊሽካ። ስንዱ በገዛ እግሯ ወጣች። ከውጭ ላቀው «ገባ! ገባ!» እያለ ሲያጨበጭብ ይሰማ ነበር።

ከዚያ በኋላ ከአጥሩ ውጭ የሚጠይቁት ሁለት ሆኑ። ከውስጥም የሚመልስላቸው አልጠፋም፤ ማን ያስችለዋል? ስንዱን የተካው አባት በመጀመሪያው ቀን መለሰና ወጣ። ቀጥሎ ከተቀያሪዎቹ አንዳንዶቹ፣ ቀጥሎ ዳር ድንጋይ ላይ ከሚቀመጡት ተመልካቾች። በለጡ ራሷ ኳስ እንደ ያዘች «እኔ ጋ ናት ጋሽ ላቀው!» ብላ ወጣች። እያንዳንዱ ሲወጣ ውጭ የሚናፍቀው ይበዛል፤ ውስጥ የሚናገረው ያንሳል። ሜዳው ውስጥ የቀሩት ጉልበታቸውን እያዩ መቀመጥ የለመዱ ናቸው።

እኔ ልቆይ ብዬ ነበር። ልጆቹን ማን ውሃ ያጠጣቸዋል ብዬ፣ ባለፊሽካዎቹም ውሃ አቅራቢን ከሰው ስለማይቆጥሩት። ብዙ ጨዋታ ዝም አልኩ። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ድምፁ መጣ፤ ቀጥኗል፣ አርጅቷል። እንደ በፊቱ ስንዱ ብሎ አልነበረም የጠራው፤ የኔን ስም ነበር። «አለህ? ምን እያደረጉ ነው?»

ጣሳዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩና ያየሁትን ሁሉ ነገርኩት። ማን እንዳለ፣ ማን እንደሮጠ፣ አባት መንገድ ላይ ቢጫው አበባ እንዳለ፣ ሁሉንም። ከውጭ የብዙ ሰው ሳቅና ጭብጨባ ይሰማኝ ነበር፤ የአገሩ ሰው ግማሹ እዚያ ያለ ነው የመሰለኝ። ፊሽካው አንዴ ተነፋ፤ ደግሞ ተነፋ። በገዛ እግሬ ወጣሁ።

ላቀው አጥሩ ሥር ቆሞ ነበር። አቀፈኝ። ስንዱም በለጡም ሌሎቹም ከበቡኝ፤ እንዲህ ያለ አቀባበል በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። «መጣህልን!» ይሉኛል። ከዚያ ከአጥሩ ወዲያ ጨዋታው ቀጠለ። ሁላችንም ጆሯችንን ድንጋዩ ላይ ለጠፍን። የሩጫ ድምፅ ይሰማል። ኳሷ ትነጥራለች። ከዚያ ጫጫታው ባንዴ ጸጥ አለ፤ አንድ ሰው ወርውሯል ማለት ነው።

«ገባ?» አለ ላቀው።

ማንም አልመለሰለትም። የሚነግረን ሰው ሁሉ ከጎናችን ቆሟል።